የትንንሾቹ ነገር

ያ ዝናብ በገባበት ሰሞን ቤታችን ውስጥ አርፎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። እናቴ ከወንበሯ ተነስታ ወደ ዓሦቹ ትሄዳለች፣ ከዓሦቹ ወደ ማይክሮስኮፑ፣ ከማይክሮስኮፑ ተመልሳ ወደ ዓሦቹ። አባቴ ከሥራ ሲመጣ ጃኬቱን ሳያወልቅ አንድ የተበላሸ ነገር ያነሳል፤ ያነሳውን ሳይጨርስ ሌላ ያነሳል። ታናሽ ወንድሜ ማሙሽ ገና አራት ዓመቱ ስለነበር መሮጥ ሥራው ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሦስቱንም የመከታተል ኃላፊነት ማን እንደሰጠኝ ባላውቅም ተሸክሜው እዞር ነበር።

እናቴ የዓሣ ምርምር ጣቢያ ውስጥ ነበር የምትሠራው። ሥራዋ ማጥመድም ማርባትም አልነበረም፤ መለየት ነው። ከወንዝ የመጣ ዓሣ ጠረጴዛዋ ላይ ይቀመጣል፣ እሷ ምን ዓይነት እንደሆነ ትናገራለች። ጎረቤቶቻችን «ዓሣን ዓሣ ለማለት ደመወዝ ትበላለች» እያሉ ይቀልዱባት ነበር፤ እሷም አብራ ትስቃለች። የምትለያቸው ዓሦች ደግሞ ለድስት የሚሆኑ አልነበሩም። ትልቁ ከመሀል ጣቴ አይበልጥም። በሞቃት ቦታ፣ ጥላ ባለበት ጅረት ውስጥ፣ ሰው እግሩን ሲነክር ቁርጭምጭሚቱን የሚነካኩት ዓይነት ናቸው።

የጣቢያው ጣሪያ ማፍሰስ ሲጀምር በሕይወት ያሉትን ዓሦች ወደ ቤት አመጣቻቸው። አምስት የመስታወት ገንዳዎች ሳሎናችን ውስጥ ተደረደሩ። አባቴ ሶፋውን ወደ መኝታ ቤት እየገፋ፣ «እኛስ የት እንዋኝ?» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ የአየር ፓምፑ ድምፅ አይጠፋም፤ ዝዝዝ ሲል ይውላል። እርጥብ ቅጠልና አልኮል ይሸታል። ዳቦው ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይለኝ ነበር።

ወደዚያ ከተማ የመጣነው በእናቴ ሥራ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት በነበርንበት ከተማ አባቴ ከወንድሙ ጋር የራሱ ጋራዥ ነበረው። ለወንድሙ ትቶለት ተከትሏት መጣ፤ እዚህ የሰው ጋራዥ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ግን የማውቀው ልጅ የመንገዱን ስም እንደሚያውቅ ነው፤ ምን ማለት ነው ብዬ አስቤበት አላውቅም።

እናቴን ያን ያህል ወዲህ ወዲያ የሚያሯሩጣት አንድ ነገር ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ጅረት ውስጥ አብረው የሚዋኙ ዓሦች አሉ። መጻሕፍቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው ይላሉ። እሷ ግን ሁለት ናቸው ባይ ነች። አንደኛው ከከንፈሩ ጥግ የሚወጣ ፀጉር የመሰለ ጢም አለው፤ የሌላው ጢም አጥሮ ላለመታየት ምንም አይቀረው። በጎናቸው የተደረደረው ቅርፊት ቁጥሩ ይለያያል። እናቴ አንዷን ሟች ዓሣ በወረንጦ ይዛ በመርፌ ጫፍ ስትቆጥር ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ በዚያን ጊዜ ቤት ውስጥ የሚያነጥስ ሰው ወዮለት። ከሁሉ በላይ የሚለዩት በወንዶቹ ቀለም ነው፤ የአንዱ ክንፍ ቢጫ ይሆናል፣ የሌላው ቀይ። አልኮል ውስጥ ከገቡ ግን ሁለቱም እንደቆየ ሻይ ቡኒ ይሆናሉ። ለዚህ ነው በሕይወት እንዲኖሩ፣ ደግሞም እንዳይደነግጡ የምትፈልገው፤ ከደነገጡ ዓይናችን እያየ ይገረጣሉ። ማሙሽን ከሳሎን ማስወጣት የእኔ ሥራ ነበር።

ከእሷ ጋር የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ኪሳቸው ሁልጊዜ በትንንሽ ብልቃጥ የተሞላ ስለሆነ ሲራመዱ ይንቀጫቀጫሉ፤ እኔና ማሙሽ ጋሽ ብልቃጥ አልናቸው። እሳቸውም ሰምተው ወደዱት። ከሰዓት በኋላ እየመጡ ከእናቴ ጋር ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ይቀመጣሉ ስል እሳቸው ይቀመጣሉ ማለቴ ነው።

አንድ ቀን እንዲሁ መጥተው ነበር። ዝናቡ ስላላቋረጠ ልብሱ የተሰጣው ኮሪደሩ ውስጥ ነው። እኔ በሁለት እርጥብ አንሶላዎች መሀል ቆሜ ፊቴን ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ አስደግፌያለሁ። የሳሎኑ በር ገርበብ ብሏል።

«ሁለቱን አንድ ናቸው እያልን መቀጠል አንችልም» አለች እናቴ።

«እኔም ልቤ ወደዚያው ነው» አሉ ጋሽ ብልቃጥ። «ግን ለሚያያቸው ሰው አንድ ይመስላሉ።»

«ላይ ላዩን ነዋ። ከተለያዩ ቆይተዋል፣ ጋሼ። እኛ ነን ዘግይተን ያየነው።»

ብልቃጥ ሲቀመጥ ሰማሁ።

«ወንዱስ?» አሉ።

«ወንዱ ሰሞኑን ልክ አይደለም። ቀለሙ ጠፍቷል። አይበላም። ጥግ ይዞ ይውላል።»

«ቦታው አልተስማማው ይሆናላ።»

«ይመስለኛል። ከመጣ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው።»

አንሶላው ፊቴ ላይ ተጣብቋል። 

«ትንንሾቹን ምን ልታደርጊያቸው ነው?» አሉ ጋሽ ብልቃጥ።

የእናቴ እርምጃ ወደ ገንዳዎቹ ሄደ። «የሚያስጨንቀኝ የእነሱ ነገር ነው። ትልልቆቹን መለየት አይከብድም። ትንንሾቹ ከየትኛው ጋር እንደሚሆኑ ግን እስካሁን መወሰን አልቻልኩም። ሁለቱንም ይመስላሉ።»

«እስኪያድጉ መጠበቅ ነው።»

«እስከዚያ ጊዜ የለኝም። ዝናቡ ሲያቆም ይፋ እናወጣዋለን ተባብለናል። እስከዚያ ለማንም ባንናገር ይሻላል።»

ይህን ሰምቼ ከአንሶላዎቹ መሀል ወጣሁ። ማሙሽ ኩሽናው ወለል ላይ የድስት ክዳን እያሽከረከረ ነበር። ከእሱ ጋር ቁጭ ብዬ ክዳኑ ተሽከርክሮ ተሽከርክሮ እስኪወድቅ አየሁ። ትንንሾቹ እኛ ነበርን። ሌላ ትንሽ ቤቱ ውስጥ ያለ አልመሰለኝም።

እናቴ አሁን አርጅታ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ያን ቀን ስለ ምን ስታወራ እንደነበር ደጋግማ ነግራኛለች። ወንዱ የተባለው ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ገንዳ ውስጥ የነበረ፣ ክንፉ ቢጫ መሆን ሲገባው የገረጣ ዓሣ ነው። ትንንሾቹ ገና ቀለም ያላወጡ የዓሣ ግልገሎች ናቸው፤ በዚያ ዕድሜያቸው የሁለቱም ዓይነት ልጆች ሦስት ሦስት ነጥብ ጎናቸው ላይ አላቸውና ማንም አይለያቸውም። ለማንም አንናገር ያለችውም ሌላ ተመራማሪ ቀድሞ እንዳያወጣው ፈርታ ነው። ሌላ ምንም አልነበረም።

ግን የዚያን ዕለት አባቴ ከሥራ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ሾርባውን ሁለት ጊዜ ቀምሶ ማንኪያውን አስቀመጠ። ሄዶም በሩ አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ፣ ጥጉን ይዞ፣ ተቀመጠና በተሰበረ ራዲዮ መነካካት ጀመረ። ቀለሙ ጠፍቷል። አይበላም። ጥግ ይዞ ይውላል። ከእንግዲህ ምን ማረጋገጫ ያስፈልገኛል?

ከዚያ በኋላ እኔም መቀመጥ አቃተኝ። ክፍል ውስጥ የሸሚዜን ኮሌታ ሳኝክ እውላለሁ፤ መምህሯ ሆዴን አሞኝ እንደሆነ ትጠይቀኛለች፣ እኔም አዎ እላለሁ፣ ደግሞ እውነትም ያመኝ ነበር። ቤት ስገባ ዕቃዎቹን በዓይኔ እከፋፍላለሁ። ማይክሮስኮፑ የእሷ። ራዲዮው የእሱ። የግድግዳው ሰዓትስ? ከማሙሽ ጋር ብቻችንን ስንሆን አዘጋጀው ጀመር።

«አባዬና እማዬ ሁለት ቤት ቢኖራቸው ከማን ጋር ትሆናለህ?»

«ከዓሦቹ ጋር።»

«ዓሦቹ የእማዬ ናቸው።»

«እኔ ግን ከዓሦቹ ጋር ነኝ» አለ፤ ሄደም።

በመጨረሻ ለመጠየቅ የወሰንኩት አባቴን ነው። እናቴን እንዳልጠይቅ ለማንም አንናገር ስትል ሰምቻለሁ። አንድ ቅዳሜ ምሳ ዕቃውን ይዤ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ጋራዡ ግቢ ውስጥ ጭቃና ዘይት ተቀላቅሎ እንደ ቀስተ ደመና ያብለጨልጫል። አባቴ አንድ አሮጌ ፒካፕ ስር በጀርባው ተኝቷል፤ የሚታየኝ ከጉልበቱ በታች ብቻ ነው። የአንዱ ጫማው አፍንጫ ከመፍቻው ጋር እኩል ይወዛወዛል።

«አባዬ።»

«አለቃዬ» አለ ከስር። እንዲህ ነበር የሚጠራኝ። «እዚያ ጎማው ላይ አስቀምጪው።»

አላስቀመጥኩትም። ከፊቱ ይልቅ ለጫማዎቹ መናገር ቀለለኝ።

«አባዬ፣ አንተና እማዬ ስትለያዩ እኔና ማሙሽ ከማን ጋር ነን?»

ጫማው መወዛወዙን አቆመ። ከግቢው ማዶ አንድ ሰው ብረት ይመታል፤ ያ ብቻ ይሰማል።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። እማዬ ለጋሽ ብልቃጥ ስታወራ ሰማሁ።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

ጥያቄው ገረመኝ። ራሷ ያለችውን እንዴት አታውቅም? «ታውቃለቻ» አልኩ።

«ምን አለች?»

«ከተለያዩ ቆይተዋል አለች። አይበላም፣ ጥግ ይዞ ይውላል አለች። ቦታው አልተስማማውም፣ ከመጣ ጀምሮ ነው አለች።»

መፍቻውን መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ሰማሁ። «ተቆጥታ ነበር?»

«አይ። ዝግ ብላ ነው የተናገረችው።»

ከመኪናው ስር ተንሸራቶ ወጣ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ጠርጎ ሲጨርስም መጥረጉን አላቆመም። እያየኝ አልነበረም።

«አንቺና ማሙሽ ከእናታችሁ ጋር ናችሁ» አለ። «ቤታችሁም እዚህ ነው፣ ትምህርት ቤታችሁም። እኔ እየመጣሁ አያችኋለሁ።»

መልሱ የወጣለት እንደተሸመደደ ነገር ነው፤ አንዴም አልተደናቀፈም። ልጅ ብሆንም ይህ አላመለጠኝም። እኔ የተረዳሁት ግን ሁለቱ ተቀምጠው ተነጋግረው፣ ሁሉን ጨርሰው፣ ለእኛ ብቻ እንዳልነገሩን ነው።

«መቼ ነው?»

«መንገዱ ሲደርቅ። ዝናቡ ሲያቆም።»

እሷም ያለችው ይህንኑ ነበር። «እሺ» አልኩ።

ጎማ ላይ ተቀምጦ ምሳውን በላ፤ ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ሰጠኝ። መሀል ላይ ማኘኩን አቁሞ፣ «ጥግ ይዞ ይውላል አለች?» ብሎ እንደገና ጠየቀኝ።

«አዎ።»

«ታየኛለች ማለት ነው» አለ ለራሱ።

ያን ቀን ከስሩ የተኛበት መኪና የአጎቴ እንደነበር የነገረኝ አግብቼ ከወለድኩ በኋላ ነው። ወንድሙ ነበር የላከለት፤ ፍሬኑን ጨርሶ በማግስቱ በእሱ ሊሄድ ነበር። ለእናቴም ለእኛም ሊነግረን አላሰበም፤ ከደረሰ በኋላ መልእክት እልካለሁ ብሎ ነው። ሌላ ሴት አልነበረችም። በቀድሞው ከተማ ሰው በስሙ ይጠራው ነበር፤ እዚህ ግን የጋራዡ ባለቤት ሳይቀር «የዓሣዋ ባል» ነው የሚለው። ይህን ለእናቴ እንዴት ብሎ እንደሚነግራት ሁለት ዓመት ሙሉ አስቦ አልመጣለትም። እኔ ምሳ ዕቃ ይዤ ከጠየቅኩት በኋላ ግን ተደብቆ መሄድ አቃተው፤ መንገዱ ሲደርቅ ያለኝም እዚያው ቀኑን ገፍቶ ነው። ደግሞም መናገር አያስፈልገውም፤ እሷ አውቃለች ብሎ አምኗል።

ስለዚህ ቆየ። ቆይቶም ቤቱን ሁሉ ማደስ ጀመረ።

መጀመሪያ የኩሽናውን ጣሪያ ወጥቶ ደፈነ። ከዚያ የመታጠቢያውን ቧንቧ ቀየረ፣ የበሩን ቁልፍ ዘይት ቀባ፣ ለማሙሽ አልጋ መከለያ ሠራለት። ለገንዳዎቹ ማስቀመጫ የሚሆን ወፍራም መደርደሪያ በብረት በየደው፤ እናቴ ዓሦቹን አንድ በአንድ ስታዛውር እሱ ባልዲ ይይዝላት ነበር። ቤታችን ውስጥ መዶሻ ሳይሰማ የሚያልፍ ምሽት አልነበረም። ደግሞ የሚገርመው ይበላ ጀመር። ለእናቴ ሻይ ያፈላላታል። እሷ ከማይክሮስኮፑ ቀና ስትል እያያት ይሆናል፤ ዓይናቸው ሲገጣጠም ሁለቱም ፈገግ ይላሉ።

እኔ ልፈነዳ ደረስኩ። የሚለያዩ ሰዎች እንዴት እንዲህ ይሆናሉ?

አንድ ቀን የኤሌክትሪክ ቆጣሪው ሥር አቁሟት፣ «መብራት እንዲህ ሲጠፋ ይህን ትነቅያለሽ፤ ይህን ትተኪያለሽ» ሲላት ሰማሁ።

«አንተ እያለህ እኔ ምን ቤት ነኝ?» አለች እየሳቀች።

እንዴት ያለች ጎበዝ አስመሳይ ናት ብዬ ተደነቅኩ። አባቴ ግን አልሳቀም። ፊውዙን መልሶ ከተተና ወጣ። ስትቀልድበት እንደመሰለው አሁን አውቃለሁ።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ብልቃጥ መጥተው ሳሉ፣ «በመጨረሻ ቦታውን ለመደው፣ ጋሼ። እግሩ አረፈ» አለቻቸው።

«የመስኮቱ ወንድ?»

«ባሌን ነው የምልዎት።»

ሁለቱም ሳቁ። ከኮሪደሩ ሆኜ ምኑ እንደሚያስቅ ሳሰላስል ጋሽ ብልቃጥ፣ «እሰይ። አንቺም ሳቅ ሳቅ ብሎሻል» አሏት። እውነታቸውን ነበር። እናቴ ያን ሰሞን ስትቆጥር እንኳ ታንጎራጉር ነበር።

ዝናቡ በአንድ ሌሊት ቆመ። ጠዋት ስንነሳ ፀሐይ ወጥታ መንገዱ ላይ ጭስ የመሰለ እንፋሎት ይነሳል። ጭቃው በጥቂት ቀናት ተሰነጣጠቀ፤ ከዚያ አቧራ ሆነ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዬን አይ ነበር። ጭቃ ያልነካው ዕለት የአባቴ የመሣሪያ ሳጥን ከአልጋው ስር ጠፋ።

በማግስቱ እሑድ ጋሽ ብልቃጥ መጡ። ትልቁ ከተማ ሄደው ነበር፤ እዚያ ባለው ሙዚየም ከጥንት ጀምሮ የተቀመጡ ዓሦችን ከእናቴ ዓሦች ጋር ሊያስተያዩ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ኪሳቸውም አይንቀጫቀጭም። እናቴ ወረንጦዋን እንደያዘች ቆመች።

«ሁለት ናቸው» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ልክ ነሽ። ምንም ጥርጥር የለውም።»

«ግን?» አለች እናቴ። ፊታቸውን አይታ ነው።

«ግን ስሙ የእኛ አይሆንም። የጥንቱን መደርደሪያ ሳገላብጥ አንድ ብልቃጥ አገኘሁ። የእኛው ባለ አጭር ጢም ነው። አንድ ሰው ድሮ፣ እኔም ሳልወለድ፣ ለይቶ ስም ሰጥቶታል። ከእሱ በኋላ የመጡት ናቸው አንድ ናቸው ብለው የደባለቋቸው። ከዚያም ተረሳ።»

እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዓሦቹ ከመጡ ወዲህ ያለ ሥራ ተቀምጣ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ጋሽ ብልቃጥ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ባርኔጣቸውን ያሽከረክራሉ።

«በምን አየው?» አለች በመጨረሻ። «በማይክሮስኮፕ?»

«በእጅ አጉሊ መነጽር ይመስለኛል።»

«ጎበዝ ነበር» አለች። ትንሽም ሳቀች። «እንግዲህ ከእኛ በፊት ተለይተው ካለቁ፣ ይፋ የምናወጣው ነገር የለንም ማለት ነው።»

በሩ ላይ ቆሜ የሰማሁት ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ይፋ የሚወጣ ነገር የለም። 

«እንግዲያው አባዬ አይሄድማ?» አልኩ።

«የት?» አለች እናቴ፤ ገና ስለ ዓሣው እያሰበች ነው።

«መንገዱ ስለደረቀ ነዋ። ይፋ ካልወጣ ዕቃውን ከመኪናው ያውርድ? ሄጄ ልንገረው?»

እናቴ ወረንጦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቀስ ብላ፣ ድምፅ ሳታሰማ። ጋሽ ብልቃጥ ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ መልሰው አወለቁ። እሷ ምንም ሳትጠይቀኝ አልፋኝ ወደ ደጅ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት።

አባቴ በራችን ላይ የቆመውን ፒካፕ ጭነት በገመድ እያሰረ ነበር። የመሣሪያ ሳጥኑ፣ አንድ ሻንጣ፣ ያ በርጩማው ሳይቀር ተጭኗል። ሲያያት አልደነገጠም፤ ልትሰናበተው የመጣች ነው የመሰለው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች።

«ዛሬ ይሻላል ብዬ ነው። መንገዱ ጥሩ ነው አሉ።»

«የምን መንገድ?»

ገመዱን ለቀቀ። «እንዴ፣ ታውቂ የለ። ልጅቷ ነግራኛለች። ለሽማግሌው ያልሻቸውን ሁሉ። ከተለያየን መቆየታችንን፣ እኔ ጥግ ይዤ መዋሌን፣ ልጆቹ ከማን ጋር ይሁኑ ማለትሽን።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ነበር የሰማሽው?»

በቃሌ ነበር የማውቀው። ስንት ጊዜ ለራሴ ደጋግሜዋለሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ወንዱ፣ ቀለሙ፣ ቦታው አለመስማማቱ፣ ትንንሾቹ፣ ዝናቡ ሲያቆም፤ አንድም ሳላስቀር አልኩላት። ስናገር ፊቷ ተለዋወጠ።

«ስለ ዓሣ ነበር» አለች ለአባቴ።

«ስለ ዓሣ» አለ አባቴ።

«የመስኮቱን ወንድ ነው ያልኩት። የገረጣውን።»

አባቴን ሳቅ ያዘው። ጀመረና መሀል ላይ ተበላሸበት፤ አፉን በክንዱ ሸፈነ። ከዚያ የመኪናው የኋላ ክዳን ላይ ተቀመጠ፣ እግሩን አንጠልጥሎ።

«እኔ እኮ አየችኝ ብዬ ነበር» አለ። «አይታኛለች፣ አውቃለች፣ ሳትቆጣ እየሸኘችኝ ነው፤ እንግዲያው እኔም በክብር ልሂድ ብዬ ጣሪያውን ደፈንኩ።»

«እኔ ደግሞ ለመደ ብዬ ነበር» አለች እናቴ። «ጣሪያውን ሲደፍን፣ መደርደሪያ ሲሠራ፣ ቤቱን ቤቴ አለ ብዬ።»

ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። መኪናው ትንሽ ወረድ አለ።

እኔን ማሙሽን እንድጠብቅ ላኩኝ። በዚያን ሰዓት የሚሉትን ብሰማ ሁሉን በአንድ ጊዜ እረዳ ነበር፤ ግን ጆሮዬን በእጄ ደፍኜ ከግቢው ማዶ ግድግዳ ሥር ሄጄ ቁጢጥ አልኩ። ከዚያ ሆኜ ጀርባቸው ብቻ ይታየኛል። አንዳንዴ እሱ እጁን ያወራጫል፣ አንዳንዴ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ጋሽ ብልቃጥ በጓሮ በር ሹልክ ብለው ሄዱ። የመኪናው ጥላ ከጎማው እስከ በራችን ደረጃ እስኪደርስ አባቴና እናቴ እዚያው ተቀመጡ።

የሰማሁት የመጨረሻውን ነው፤ ጠርታን ስንመጣ።

«ሂድም ቅርም አልልህም» አለችው። «ግን ለልጆቹ አንተው ንገራቸው። ፊታቸውን እያየህ።»

አባቴ ከመኪናው ወርዶ ፊታችን ቁጢጥ አለ። ማሙሽ ወዲያው ጉልበቱ ላይ ወጣ።

«እዚህ መኖር አቅቶኛል» አለን። «ያቃተኝ ከእናንተ ጋር መኖር አይደለም፣ ከእናታችሁም ጋር አይደለም። እዚያ የራሴ ሥራ አለኝ። እዚህ ስሆን እጄ የሰው እጅ ይመስለኛል። ይህን ድሮ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም።»

«ከዓሦቹ የትኛውን ትወስዳለህ?» አለ ማሙሽ።

«አንዱንም።»

ማሙሽ በዚህ ረካ።

ሄደ። ሁሉ ከተነገረ በኋላም መሄድ መፈለጉ እውነት ነበር፤ እናቴም ይህ ስለገባት ነው ያልያዘችው። አቧራው እስኪበርድ ሦስታችን በሩ ላይ ቆመን ቀረን።

«ይመለሳል?» አልኳት።

«አላውቅም።»

እንደ ሌሎች እናቶች ይመለሳል፣ አይዞሽ፣ ትለኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ «ካወቅኩ መጀመሪያ የምነግረው ላንቺ ነው። አንቺም የሰማሽው ነገር ሲያስጨንቅሽ መጥተሽ ትጠይቂኛለሽ። እሺ?» አለችኝ። ያን ዕለት ሁለት ሳህን ሾርባ በላሁ። ማሙሽ ከእኔ ሳህን በልቶ ልብሱ ሁሉ ሾርባ ሆነ።

ሰዎች አባትና እናትሽ ተለያይተው ነበር ወይ ብለው ሲጠይቁኝ አጭር መልስ የለኝም። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ ዳግመኛ አልኖሩም። ፍርድ ቤትም አልሄዱም። እናቴ ትንንሾቹ ዓሦች እስኪያድጉ ጠብቃ፣ ከሁለቱም ዓይነት እንደነበሩ አይታ ሥራዋን ጨረሰች፤ ያ የጥንት ሰው የሰጠውን ስም መልሳ በቦታው አስቀመጠች። የእሷ ስም የትም አልገባም። በዚያ ስታዝን አላየኋትም፤ ወይም ደብቃኛለች።

ትምህርት ሲዘጋ አባቴ ሊወስደን መጣ። ያንኑ ፒካፕ አዲስ ቀለም ቀብቶታል፤ እሱም ወፈር ብሏል። እኔና ማሙሽ ልብሳችንን ይዘን ስንወጣ እናቴ የጎማ ጫማዋን አድርጋ፣ መረቧንና ባዶ ብልቃጦቿን በቅርጫት ይዛ ተከተለችን።

«አንቺስ ወዴት ነሽ?» አላት።

«ያን ያህል ዓመት አብረን ስንኖር ያንተን አገር ወንዝ አንድ ቀን አላየሁትም» አለች። «ቦታ አለ?»

 አባቴ ዞሮ በሩን ከፈተላት፣ ቅርጫቷንም ተቀብሎ በእግሯ ሥር አመቻቸ።

መንገዱ ረጅም ነበር። የመጀመሪያው ድልድይ ላይ ስንደርስ «አቁም» አለችው፤ አቆመ። ወርዳ መረቧን ነክራ ባዶ እጇን ተመለሰች። ሁለተኛው ላይም «አቁም» አለችው፤ አቆመ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቃት። ሦስተኛው ድልድይ ላይ ግን እሷ አፏን ሳትከፍት ዳር ይዞ ቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ሱሪውንም እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ከእሷ ቀድሞ ወደ ውሃው ወረደ።